ከክፍል ሰዓት ውጭ ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ወጪውን ማን ይሸፍን?

እንደሚታወቀው አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለሆነም እንግሊዝኛ የሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ በር ነው። በሩ ያልተከፈተለት ልጅ ጎበዝም ቢሆን ደጅ ቆሞ ይቀራል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን እንመልከት። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። የወደቀው ሁሉ በእንግሊዝኛ ምክንያት ነው የወደቀው ማለት አይደለም። በኛ አካባቢ፣ ከወልዲያ እስከ ቆቦና ዋጃ ባለው ቆላ፣ በመጀመሪያ በኮሮና ቀጥሎም በጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅም እንኳ ሊጽፈው እንደማይችል ግልጽ ነው።

ለምን ከክፍል ሰዓት ውጭ?

የራያ ቆላ ልጅ ቋንቋ መማር አያቅተውም። በገበያና በሠፈር አማርኛና ትግርኛ እየሰማ ያድጋል፤ ብዙው ልጅ ማንም ሳያስተምረው ሁለቱንም ይናገራል። የጎደለው ጭንቅላት ሳይሆን የመስሚያና የመናገሪያ ጊዜ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። በክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ ካለና መምህሩ ራሱ ምንም ሳይናገር ጊዜውን ለተማሪዎቹ እኩል ቢያካፍል፣ ለአንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። በ40 ሰከንድ ደግሞ ስምን ተናግሮ ከመቀመጥ በቀር ምን ይሠራል?

ከተማ ያለ፣ ወላጁ አቅም ያለው ልጅ ጉድለቱን ቤት ድረስ በሚመጣ አስጠኚ ይሞላል። የደሀው ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከብት ይጠብቃል፤ ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ያባርራል። ሴቷ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጀራ ትጋግራለች። ለነዚህ ልጆች ከክፍል ሰዓት ውጭ በነፃ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ካልኖረ ሌላ አማራጭ የላቸውም። ታዲያ ነገሩ ጥሩ ነው ብለን ሁላችንም እንስማማለን። የማንስማማው ገንዘቡ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ

በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀው የአሜሪካ መንግሥት «አክሰስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሞሮኮ ተጀምሮ ከ80 በላይ ወደሆኑ አገሮች ተዳርሷል፤ በኢትዮጵያም ተካሂዷል። የሚቀበለው የገቢ አቅማቸው ዝቅተኛ የሆኑ ወጣቶችን ነው። ትምህርቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው የሚከፍለው ነገር የለም፤ የመምህሩም የመጽሐፉም ወጪ ከዚያው ይሸፈናል። ከሱ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል።

የዚህ ዓይነቱ እርዳታ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ድክመቱ ግን ቁልፉ ከእጃችን ውጭ መሆኑ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሰላም ጓድ አባላት ከዓለም ዙሪያ ሁሉ እንዲመለሱ ተደረገ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ቃና ዘገሊላን በምናከብርበት ዕለት፣ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠው የልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቋረጥ አዘዘ። ዩ.ኤስ.ኤይድ የተባለውም ድርጅት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ሩቅ አገር የተፈረመ አንድ ወረቀት እዚህ ስንት ሥራ እንደሚያስቆም ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እንዲያው አይደለም።

የአገር ውስጥ ገንዘብ

በአገር ውስጥም የተሞከረ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ትምህርት ቤቶች በተማሪያቸው ቁጥር ልክ የድጎማ ገንዘብ ሲያገኙ ቆይተዋል። በተለምዶ «ስኩል ግራንት» የሚባለው ይኼ ነው። የፕሮግራሙ ወጪ በከፊል ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች የመጣ ቢሆንም፣ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ግን ወላጆች ባሉበት በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ይወሰን ነበር።

ከዚያ ቀደም ሲል ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አለ። በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። መምህራንና ተማሪዎች ተሰልፈውበታል፤ ሕዝቡም በገንዘብም በቁሳቁስም አዋጥቷል። ያኔ መዋጮው በትእዛዝም ጭምር ይሰበሰብ ስለነበረ እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሰው ከሥራ መልስ በሚያገኛት ሰዓት፣ በራሱ አቅም፣ መማርና ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል።

ወጪው በትክክል ምን ያህል ነው?

ብዙ ጊዜ «ገንዘብ የለም» ብለን በደፈናው እናልፈዋለን። ቁጥሩን ብንጽፈው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የቀረበ ስሌት ነው፤ ዋጋው እንደየቦታው ሊለያይ ይችላል።

30 ተማሪዎች በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ36 ሳምንታት ይማራሉ እንበል። ይህ በዓመት 144 ሰዓት ይሆናል። ለመምህሩ በሰዓት 150 ብር ብንከፍል 21,600 ብር፤ ለጠመኔና ለወረቀት 2,000 ብር፤ ድምሩ 23,600 ብር ነው። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪ ነው። ሌላው ወጪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ነው። ይኸውም 30 የንባብ መጻሕፍት በ250 ብር ሒሳብ 7,500 ብር፣ ለሰሌዳና ለወንበር ጥገና 2,500 ብር፣ ተማሪዎች ንግግር የሚሰሙበት አነስተኛ ድምፅ ማጉያ 2,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ወጪ 35,600 ብር ሲሆን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 23,600 ብር ብቻ ይበቃል።

ከዚህ ስሌት አንድ መሠረታዊ ነገር እንማራለን። ትምህርቱን የሚያቆመው የመጽሐፍ እጥረት ሳይሆን የመምህሩ የሰዓት ክፍያ መቋረጥ ነው። መጽሐፍ ከተገዛ በኋላ ለጋሹ ቢሄድም ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የመምህሩ ሰዓት ግን በየሳምንቱ መከፈል አለበት። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦ አንድ ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ከውጭ በሚመጣ እርዳታ ይገዛ፤ በየወሩ የሚከፈለው ደግሞ ቅርብ ካለና ከማይጠፋ ምንጭ ይሸፈን። እስካሁን በብዙ ቦታ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለጋሹ አበል ይከፍላል፤ እኛ ሰሌዳ እናበድራለን፤ ለጋሹ የሄደ ዕለት ሰሌዳው ብቻውን ይቀራል።

ቅርብ ያለው ምንጭ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ የራሱ ገቢና ድጎማ ነው። ሁለተኛ፣ የወላጅ መምህራን ኅብረት የሚያስተባብረው መዋጮ ነው። 600 አባወራ በዓመት 40 ብር ቢያዋጣ 24,000 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ተደጋጋሚ ወጪ ተሸፍኖ 400 ብር ይተርፋል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ! በወሎ ቅሬ የሌለው ሠፈር የት አለ? ሙት ለመቅበር በየወሩ ያለ ደረሰኝ ጭቅጭቅ የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ሒሳቡ በግልጽ ከተነገረው ለልጅ ትምህርት እምቢ አይልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። መዋጮው ከሚማረው ልጅ በነፍስ ወከፍ መጠየቅ የለበትም። «የከፈለ ይማር» ከተባለ መጀመሪያ የሚቀረው ትምህርቱ የታሰበለት ያ ደሀ ልጅ ነው። ምርመራ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ትምህርቱ በነፃ ቢሰጥም ልጁ ከሥራ የሚቀርበት ሰዓት ለቤተሰቡ ወጪ ነው። ስለዚህ በፈረቃ በሚማሩበት ቦታ በተቃራኒው ፈረቃ ይሰጥ፤ የገበያ ቀንና የአጨዳ ሰሞን ይታለፍ፤ ሴቶች ልጆች ሳይመሽባቸው ቤታቸው እንዲገቡ ይደረግ። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ እርዳታ ነው።

የኛስ ድርሻ?

እኛ እጩ መምህራን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች እንወጣለን። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱና ቢያቀናጁት ከልምምዱ ጊዜ ጥቂቱ ለዚህ ትምህርት ሊውል ይችላል። ለኛም ጥቅም አለው፤ በ30 ተማሪ ፊት ሁለት ሰዓት እንግሊዝኛ ያናገረ ሰው የራሱም ምላስ ይፈታል። ሆኖም የኛ ነፃ ጉልበት መጀመሪያውን ለማቃለል እንጂ የመደበኛውን መምህር ክፍያ ለዘለቄታው ለመተካት መሆን የለበትም። እኛም ነገ ልምምዱን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ሄያጅ ደግሞ ያው እንደ ለጋሹ ነው።

ስለሆነም በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንደርስ «ማን ይረዳናል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ሁለት ዓምድ ያለው አንድ ወረቀት እናዘጋጅ። በአንደኛው ዓምድ አንድ ጊዜ የሚገዛውን፣ በሁለተኛው በየወሩ የሚከፈለውን እንጻፍ። የሁለተኛው ዓምድ ምንጭ ሳይታወቅ ትምህርቱን አንጀምር። ተጀምሮ በሦስተኛው ወር የተቋረጠ ትምህርት ልጁ ተስፋ እንዲቆርጥ፣ ወላጁም ዳግመኛ እንዳያዋጣ ያደርጋልና።