ኢማክስ በሆዱ ምን ይዟል?

በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ፣ ከሰንሪጅ የገበያ ማዕከል አጠገብ፣ ራንድል ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ መሃል ከተማ ላይ መስመር የቀየረ ሰው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ጄምስ ጎስሊንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን እ.ኤ.አ. በ1977 ያገኘው እዚያ ነው። ዓለም የሚያውቀው በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ቢሆንም፣ ከጃቫ ብዙ ቀድሞ፣ በ1981፣ በዩኒክስ ላይ የሚሠራ ኢማክስ በሲ ቋንቋ ጽፎ ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን በ1984 ግኑ ኢማክስን ሲጀምር የስክሪን ማሳያውን ክፍል ከጎስሊንግ ሥራ ወስዶ ነበር፤ በኋላ ግን በራሱ ተካው። ዛሬ ኢማክስ ሲባል የሚታሰበው ይኸው የስቶልማን ነው።

ኢማክስ ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ኤዲተር ነው። እምብርቱ በሲ፣ ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛው ክፍሉ በሊስፕ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ተጠቃሚው እየሠራበት ሳለ ሊስፕ ጽፎ እንደ ልቡ ሊለውጠው ይችላል። በሩ ይህን ያህል ከተከፈተ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ስለ ውስጡ ምን ገምቶ ቢሠራ ያዋጣዋል? ለዚህ ከራሳችን ፊደል የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ለመወከል ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። በጃፓኑ የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ታካሃሺ ናኦቶ ደግሞ ለኢማክስ የግዕዝ መርጃዎችን ጻፈ። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ኢማክስ 20 ግን በ1997 ሲወጣ ግዕዝን በራሱ ሰንጠረዥ ይዞት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በ2009 ኢማክስ 23 መጣና የውስጡ አቀማመጥ ወደ ዩኒኮድ ዞረ። «ሰ» ቁጥሩ ተቀይሮ 4656 ሆነ። የቀድሞውን ቁጥር ፕሮግራሙ ውስጥ የተከለ ሰው ሥራው ፈረሰበት። ፊደሉን ራሱን የጻፈው ግን የፋይሉ ኢንኮዲንግ በትክክል እስከታወቀ ድረስ ምንም አልሆነ። ኢማክስ ቃል የሚገባው ፊደልን እንደ ፊደል ሊሰጥ ነው፤ በሚሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጠው የራሱ ጉዳይ ነው።

ዛሬ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመቱን ብንጠይቀው 3 ይላል፤ የያዘውን ባይት ብንጠይቀው 9። እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳላ! በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚገጥሙ፣ ባይትን በፊደል ቦታ የቆጠረ ፕሮግራም ስህተቱ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የሚጋለጠው አንድ አማርኛ ፋይል የተከፈተ ዕለት ነው። ስለዚህ ለኢማክስ የሚጽፍ ሁሉ፣ አማርኛ ባያውቅም እንኳ፣ ሥራውን በአማርኛ ጽሑፍ ቢፈትነው አጥብቄ እመክራለሁ። ቃሉ በስክሪን ላይ የሚይዘው ስፋት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ የሚጠየቅበትም ፈንክሽን ለብቻው አለ።

ጽሑፉ የሚቀመጥበት በፈርም እንደሚታየው አይደለም። በሚሞሪ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ። አዲስ ፊደል ሲገባ ያንን ባዶ ይሞላል እንጂ ከኋላው ያለው ሁሉ አይገፋም፤ ሌላ ስፍራ መጻፍ ሲጀመር ክፍተቱ ወደዚያ ይዛወራል። የሊስፕ ጸሐፊው የሚያየው ቆጠራ ግን ክፍተቱ እንደሌለ ሆኖ የቀና ነው፤ ያንን ቆጠራ ያለ ስጋት ሊያምን ይችላል።

የማይታመኑም አሉ። የበፈር መነሻ ብዙውን ጊዜ 1 ነው፤ ተጠቃሚው እይታውን ወደ አንድ ክፍል ካጠበበው ግን መነሻው 300 ሊሆን ይችላልና ሁልጊዜ መጠየቅ ይሻላል። ዛሬ 50ኛ ላይ ያለ ፊደል ከፊቱ ሲጻፍ ስፍራውን ይለቃል፤ አብሮት የሚሄደው ምልክት ማርከር ነው። ሁሉም ፊደል የዩኒኮድ ፊደል ነው ማለትም አይቻልም፤ ኢማክስ ሊፈታው ያልቻለውን ባይት አይጥለውም፣ ከዩኒኮድ ጣሪያ በላይ ቁጥር ሰጥቶ ያቆየዋል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲላክ ኢንኮዲንጉን ለይቶ መናገር የጸሐፊው ድርሻ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ፣ ኢማክስን ከፍቶ ኮንትሮልና ወደ ኋላ ያዘመመውን ጭረት መጫን፣ ኢትዮፒክ የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብሎ መምታት ነው። «ሰላም» ይወጣል። ከዚያ ርዝመቱንና ባይቱን ይጠይቀው።