ተጨማሪ መረጃ፦ ማጋነንና ቃል መግባት

በእንግሊዝኛ የንግድ ቋንቋ «ፐፈሪ» የሚባለው ማንም እንዳለ የማይቀበለው የማስታወቂያ ማጋነን ነው፤ «በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው ቡና» እንደሚባለው ዓይነት። «ክሌም» ሊረጋገጥ የሚችል አባባል ሲሆን፣ «ጋራንቲ» ሻጩን የሚያስጠይቅ ዋስትና ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ያሳየው በእንግሊዝ አገር የካርቦሊክ ስሞክ ቦል ኩባንያ ጉዳይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጣው ማስታወቂያ፣ በአፍንጫ የሚሳበውን መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እንደሚከፍል፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን ገለጸ። ሉዊዛ ካርሊል የተባለች ሴት እንደ መመሪያው ተጠቅማ ታመመችና ከሰሰች። ኩባንያው አባባሉ ተራ ማጋነን እንደሆነ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1892 ለእርሷ ፈረደ፤ ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ኩባንያው የምሩን እንደተናገረ ያስረዳል በማለት።

ማስታወቂያ ስትጽፉ ይህን አስተውሉ፦ «ምርጥ» እና «ድንቅ» የሚሉት ቅጽሎች ስሜት ይቀሰቅሳሉ፤ የገንዘብ መጠን፣ የጊዜ ገደብና ቅድመ ሁኔታ የያዘ ዓረፍተ ነገር ግን ውል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትፈጽሙትን ብቻ ጻፉ።