የፓምፑን ጎማ በስሙ ሳይሆን በፎቶግራፉ መለየት

አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የታቀደው በመንደሩ ሰው እጅ እንዲጠገን ነው። ቶሎ ከሚያልቁት ክፍሎቹ አንዱ የፒስተኑ ጎማ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ከስሙ ላይ ነው። አንዱ «ጎማ»፣ ሌላው «ሲል»፣ ሦስተኛው «ዋሸር» ብሎ ይጽፋል። ከወረዳ የሚመጣው ዕቃ ሌላ ሆኖ ሲገኝ እናቶች ጀሪካን ይዘው እንደገና ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በተጀመረው ኦዲኬ በተባለው የሞባይል ቅጽ ከእያንዳንዱ ምርጫ ጋር የዕቃውን ፎቶግራፍ ማስገባት ይቻላል። ቴክኒሺያኑ የፈታውን ክፍል ከፎቶግራፉ ጋር አስተያይቶ ይመርጣል። ቅጹ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል።

ይሁን እንጂ የሌላ ፓምፕ ፎቶግራፍ ከጽሑፍ ይብስ ያሳስታል። አዲሱ ጎማ ብቻ ታይቶ ያለቀው ካልታየም የተበላው «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የራሳቸው ቀበሌ ፓምፕ ተፈትቶ፣ ደህናውና ያለቀው ጎን ለጎን፣ ማስመሪያ ከአጠገባቸው ተደርጎ ፎቶግራፍ እንዲነሣ መጠየቅ ይገባቸዋል። ቅጹ ሲሞላ የውኃ ኮሚቴው ጸሐፊ በቦታው ተገኝቶ የተመረጠውን ክፍል በመዝገብ ያሰፍራል፤ ዕቃው ሲመጣ የሚመሳከረው ከዚሁ ጋር ነው።