ከሰኔ 30 በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

«ኢኮኖሚው ይህን ያህል በመቶ አደገ» የሚለው ዜና በየዓመቱ ይነበባል። የጎንደር ሰው ዜናውን ሰምቶ ጀሪካኑን ይዞ ውኃ ፍለጋ ይወጣል። ቁጥሩ ውሸት ነው የሚል አለ፤ እኔ በዚያ አልስማማም። በ1988 ዓ.ም. ከድህነት ወለል በታች የነበረው የሀገሪቱ ሕዝብ 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላው በዓይን የሚታይ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ አንዳንድ ምሁራን «ዕድገት ይብቃን» የሚሉትን ወስደን መብራት ላልገባለት የጃናሞራ ገበሬ ልንሰብከው አንችልም። የሚያስጨንቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ነባሩ ለምን ከእጃችን ይወጣል?

መልሱ ሲፈለግ የሚጠሩት ምክንያቶች ይታወቃሉ፦ የሕዝብ ብዛት፣ ሙስና፣ የአየር ንብረት፣ ጦርነት። ሁሉም እውነት ናቸው። ግን ከነዚህ ጎን እምብዛም የማይነሳ አንድ ምክንያት አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ሥርዓታችን የተሠራውን ይቆጥራል፤ የተጠበቀውን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ችግኝ የሚተከለው ዓመቱ እንደተከፈተ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የተተከለው ቁጥር ወዲያው ሪፖርት ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መነገሩ ይታወሳል። የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው ግን በጥርና በሚያዝያ መካከል፣ ሣር ሲያልቅና ከብት ሲለቀቅ ነው። ያን ጊዜ ካሜራም፣ ዘመቻም የለም። የጽድቀት መጠን የሚባል መለኪያ አለ፤ ቀበሌው የሚመሰገነውም ሆነ የሚገመገመው ግን በአብዛኛው በተከላው ነው። እርከኑም እንደዚያው ነው። በበጋ ገበሬው በነፃ ጉልበቱ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን፣ ስንት ክትር እንደተሠራ ይጻፋል። በማግስቱ ልቅ ግጦሽ ያፈርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ተዳፋት እንደገና «አዲስ» ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም ያውቁታል፤ የሚናገሩበት ቅጽ ግን የላቸውም።

ውጤቱን ለማየት ከጎንደሩ የቁስቋም ደብር ተነስቶ ውኃውን ተከትሎ መውረድ ይበቃል። ከቁስቋም ኮረብታ ግርጌ የሚያልፈው ቀሃ፣ በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ወንዝ፣ ከከተማው በታች ወደ መገጭ ይገባል። ከተማውን ሲያጠጣ የኖረው አንገረብም የሚፈሰው ወደ መገጭ ነው፤ መገጭ ጣና ይገባል። የአንገረብ ግድብ ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ በደለል መሞላት የጀመረው ከበላዩ ያለው ተዳፋት አፈሩን መያዝ ስላቃተው ነው። ከታችም እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ፣ መጀመሪያም በመገጭ መግቢያ ነው። እምቦጭ የሚለመልመው ከእርሻ በታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም በሚወርድ ቆሻሻ ነው። ደለሉም እምቦጩም የአንድ ተፋሰስ ሁለት ሕመሞች ናቸው።

አሁን ይህ ሁሉ በብሔራዊ ሒሳብ ላይ ምን ሆኖ እንደሚገባ እናስተውል። ግድቡ ሲሠራ ዕድገት ነው። ግድቡ ሲደለል ከየትም አይቀነስም። ውኃ በቦቴ ሲመጣ፣ ቤተሰቡ ጀሪካንና ሮቶ ሲገዛ፣ ለእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ሲሰማራ ወጪው ሁሉ እንደገና በዕድገት በኩል ይደመራል። የብሔራዊ ገቢን ስሌት ያደራጀው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት የአንድ ሕዝብ ደህንነት ከዚህ ቁጥር ሊገመት እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር። እኛም ብንሆን ወረቀት አላነሰንም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ የደንና የአፈር ጥበቃን ከዕድገት ጋር አስታርቆ ነበር። ስትራቴጂው ወረዳ ሲደርስ የተከላ ኮታ ሆነ።

አማራጭ አለ ወይ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ደብር ነው። በዚያው የነበረው ቤተ መንግሥቷ ፈርሷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በደርቡሽ ጊዜ ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። ያን ያህል ጥፋት ባለፈበት ኮረብታ ላይ በቅጥሩ ዙሪያ ዛሬም ዛፍ አለ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ በደን ተከበዋል፤ አካባቢያቸው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሲራቆት ነባሮቹ ጥድና ወይራ የቀሩት እዚያ ነው። በእነዚህ ደኖች ላይ ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከየደብሩ ካህናትና ምእመናን ጋር ሆነው ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ሥር የሚሰድ ችግኝ ፋታ ያገኛል። ድንጋዩም ከጎረቤት እርሻ የተለቀመ ነው፤ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል።

በመንዝ ጓሳ የሣር መስክ ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ነበር። መስኩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ይከፍቱታል፤ ሳይከፈት የገባ ይቀጣል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ገባሩን ነፃ ሲያወጣ ይህን ሥርዓትም መሠረት አሳጣው። በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ባያደራጀው ኖሮ ጓሳ ዛሬ አይኖርም ነበር። በእኛ በጎንደር ተራሮች ላይ ግን የቀረውን ሥርዓት የተካ የለም። ገበሬው ለማሳው የይዞታ ደብተር አገኘ፤ የወል ግጦሹ በቀበሌው ስም ቀረ። ቀበሌው «ከንክኪ ነፃ» ብሎ ይከልላል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ከሚጠብቀው ነገር ድርሻው ምን እንደሆነ አልተጻፈለትም።

የድሮው ይመለስ ማለቴ አይደለም። ቄሮ የአባት ርስት የሌለውን ያገልል ነበር። የደብር ደን የቆመው በእግዚአብሔር ፍርሃት ነው፤ ያን በመመሪያ ወደ ግጦሽ መሬት ማዛወር አይቻልም። ሰውን አስወጥቶ መጠበቅም ዋጋ አለው፦ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ የአደጋ መዝገብ ወጣ። ፓርኩ ዳነ ሲባል የሰማሁት ብዙ ነው፤ የተዛወሩት ገበሬዎች ያለ ማሳ ከተማ ላይ ምን ሆኑ የሚለው የተጠየቀው ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ችላ ማለት በቶሎ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ሲመቱ ጎተራ ባዶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም ዘግቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ ዋጋው ለገበሬው ከብዷል፤ የታጠበን አፈር በዩሪያ መተካት እያደር የማይቻል ይሆናል።

ለጎንደር የውኃ ተስፋ ተብሎ ከአሥር ዓመት በላይ በግንባታ ላይ የቆየው የመገጭ ግድብ አንድ ቀን ይጠናቀቃል። የሚሞላው ከነዚሁ ተዳፋቶች በሚወርድ ጎርፍ ነው። ከተማው ከሚሰበስበው የውኃ ሒሳብ ጥቂት ሳንቲም ተለይታ ከላይ ላሉት ቀበሌዎች፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ቆሞ ለተገኘ እርከንና ለጸደቀ ዛፍ ብትከፈል፣ ጥበቃ ባለቤትም ሒሳብም ያገኛል። የጎንደር ከተማ ምክር ቤት ይህን የግድቡ ሪባን ሳይቆረጥ ሊወስን ይችላል፤ ደለሉ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሌላ ግድብ መጠየቅ ነው።