የ363 ሺሕ ዶላሩ የውርስ ግብር

አንድ አሜሪካዊ ከሟች የትዳር ጓደኛው የሚወርሰው ሀብት፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የፌዴራል የውርስ ግብር አይከፈልበትም። ኤዲት ዊንዘር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ቲያ ስፓየር በሞት ስትለያት 363,053 ዶላር ክፈይ ተባለች። ሁለቱም ሴቶች ነበሩና።

የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውዮርክ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከኢሊኖይ በስተቀር በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በሕግ ያስቀጣ ነበር። የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው ገና በ1973 ነው። ስፓየር ራሷ የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆኗን ልብ ይሏል። ዊንዘር ደግሞ የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ፕሮግራመር ነበረች። በ1967 ለመጋባት ቃል ሲገባቡ ስፓየር ያበረከተችላት ቀለበት ሳይሆን ደረት ላይ የሚሰካ ክብ የአልማዝ ጌጥ ነው። ቀለበት ብታደርግ የሥራ ባልደረቦቿ «እጮኛሽ ማነው?» ማለታቸው አይቀርም።

በ1977 ስፓየር ነርቭን በሚያጠቃ በሽታ መያዟ ታወቀ፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ሰውነቷን ሽባ አደረገው። የቀራት አንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ ሐኪም ሲነግራት፣ በ2007 ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ጋብቻቸውን ተቀበለ። ፌዴራል መንግሥቱ ግን በ1996 ቢል ክሊንተን የፈረሙትን ሕግ ይዞ፣ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው አለ። ስለዚህ በኒውዮርክ ሚስት የሆነችው ዊንዘር፣ በፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ዓይን ባዕድ ሆነች።

ግብሩን ከፍላ መንግሥትን ከሰሰች። በእኔ እምነት የክሱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳኞቹን ስለ ፍቅር ማሳመን አላስፈለጋትም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ሳንቲም የማትከፍልበትን ውርስ እኔ ለምን ከፈልኩበት ነው ጥያቄዋ። የኦባማ አስተዳደር በ2011 ሕጉን በፍርድ ቤት አልከላከልም በማለቱ፣ ጥብቅና የቆመለት በተወካዮች ምክር ቤት የነበረው የሪፐብሊካኖች አመራር ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 26 ቀን 2013 በ5 ለ4 ድምፅ ድንጋጌውን ሻረው፤ ግብሩም እንዲመለስላት ተወሰነ። ያን ዕለት የተወሰነው ግን ክፍለ ግዛቶች የፈቀዱትን ጋብቻ ፌዴራል መንግሥቱ እንዲያከብር ብቻ ነው። በመላ አገሪቱ የተፈቀደው ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 26 ቀን 2015 ነው። ዊንዘር ይህንንም አይታ በ2017 በ88 ዓመቷ አረፈች።