ህንድ ለሄደው ልጃችን

እኛ ኩታበር ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ሄደ ሲባል እናት ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ምግቡ ትጠይቃለች። ጥያቄዋም ልክ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የኮሌጅ መምህራን የተማሩባት የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ቪሻካፓትናም የባሕር ዳርቻ ናት፤ ለደጋ ልጅ ሙቀቷ ብቻውን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

የጎረቤቴ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሌ «ደህና ነኝ» ይል ነበር። እናቱ ድምፁን አላመነችውምና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «ትናንት ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ከማን ጋር ዋልክ?» አልኩት። ሦስት ቀን ሻይና ዳቦ ብቻ እንደቀመሰ፣ የመምህሩ እንግሊዝኛ እንደሚያመልጠው፣ ከመኝታ ክፍሉ እንደማይወጣ ያኔ ተናገረ። በዚያው ሳምንት ከነባር የአገሩ ልጆች ጋር ማብሰል ጀመረ፤ ሽሮና በርበሬ ከደሴ በሰው ተላከለት።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ህንድ የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለውም ማለት ነው። ወተትና ቅቤ ግን ሊኖረው ስለሚችል ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከምግቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ትኩሳት ነው። በዝናቡ ወራትና ከዚያ በኋላ ደንጊ የሚባል በሽታ ይበረታል። የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። ልጁ ትኩሳትና ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሲይዘው አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይወስድ ነገርኩት፤ ደም የመፍሰስን አደጋ ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ከዚያም ምርመራ። ውጤቱ ደንጊ ሆነ። ትኩሳቱ ሲወርድ እናቱ «ተመስገን» ብላ ነበር፤ እኔ ግን በሽታው አንዳንዴ የሚከፋው ያኔ ስለሆነ ሁለት ቀን ደጋግሜ ደወልኩ። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት ቢመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ደግነቱ አልመጣም።

ገና የሚሄድ ልጅ ያላችሁ፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይውሰድ፤ ካርዱን ህንድ ሲገባ ይጠየቃል። ቪዛው ከ180 ቀን በላይ ከሆነም በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጎች ምዝገባ አለበት።

አያቶች ደግሞ ስትደውሉ ሰዓቱን አስቡ። እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። የጎረቤቴ እናት አሁን የምትደውለው ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም በተሰበሰብንበት ነው።