በእንቅርት ላይ ደም ብዛት

አንዲት እናት በዋግ ቆላ ካለችው ከኒሯቅ ተነስተው ሰቆጣ መጡ እንበል። ዕድሜያቸው አምሳን ተሻግሯል። አንገታቸው ላይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ እንቅርት አለ፤ እናታቸውም አያታቸውም ስለነበራቸው በሽታ ነው ብለው አያውቁም። ለሕክምና ያመጣቸው ሌላ ነው፦ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ዳገት ሲወጡ ልባቸው ይደልቃል። ግፊታቸውን የለካው ባለሙያ «እማማ፣ ደም ብዛት አለብዎት፤ ጨው ይቀንሱ» አላቸው። በሌላ ቀን ደግሞ አንገታቸውን ያየች ነርስ «እማማ፣ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ» አለቻቸው። ሁለቱም ትክክል ተናግረዋል። ጆሯቸው የደረሰው ግን «ጨው ይተዉ» እና «ጨው ይብሉ» የሚል ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሁለቱ ምክሮች መካከል ለቀሩት ለእኚህ እናት ነው።

መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። የደጋው ሰው ለችግር መደራረብ ምሳሌ ሲፈልግ እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንገቱ ነው። የተለመደ ነገር ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከሦስት ኢትዮጵያውያት ሴቶች ከአንዷ በላይ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በሰሜኑ አገር ብዙ እናቶች አንገታቸውን የተነቀሱት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት በታች ክንፎቿን ዘርግታ እንደተቀመጠች ቢራቢሮ ያለች ትንሽ አካል ናት፤ ሆርሞኗን የምትሠራውም ከአዮዲን ነው። አዮዲን ደግሞ በውኃ በቀላሉ ይታጠባል። የዋግን ተራሮች ያየ ሰው አፈሩ የት እንደሄደ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ወደ ተከዜ ያወርደዋል፣ ተከዜ አትባራን አልፎ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይም ከባሕር። በተራቆተ አፈር የበቀለ ማሽላና ጤፍ፣ በዚያ ሣር ያደገች ፍየልም አዮዲናቸው አነስተኛ ነው። የሚፈለገው መጠን እኮ ኢምንት ነው፦ ለዐዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። ይህችን ያጣች ዕጢ ያለውን ሁሉ ለመልቀም ትሰፋለች፣ ታብጣለች። እንቅርት ማለት ይህ ነው።

ሰቆጣ ጨው አጥታ የምታውቅ ከተማ አይደለችም። ከአፋር ዝቅታ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚሸጥባቸው ታዋቂ ገበያዎች አንዱ እዚህ ነበር። የዳሎል ጨው የጥንት ባሕር ቅሪት ስለሆነ አዮዲን ይኖረዋል ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። አይደለም። የባሕር ውኃ ደርቆ ጨው ሲሆን አዮዲኑ አብሮ አይቀርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአዮዲን የበለጸገ ጨው የሚባለው በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። አገራችን እንዲህ ያለውን ጨው ታገኝ የነበረው በዋናነት ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የሞላው አዮዲን ያልተጨመረበት የአፋር ጨው ሆነ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ያህል ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 89 ገደማ ደረሱ። በሕዝብ ጤና ታሪካችን እንዲህ ያለ ዝላይ ብዙ አይደለም፤ ሊነገርለት ይገባል።

ዝላዩ ግን ለቆየ እንቅርት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ለአሥርተ ዓመታት አዮዲን የተራበች ዕጢ ውስጧ እንደ አተር፣ አንዳንዴም እንደ ለውዝ ፍሬ ያለ ጓጓላ ትሠራለች። አዮዲን በድንገት ሲበዛላት አንዳንዱ ጓጓላ ከቁጥጥር ወጥቶ ሆርሞን ያለ ልክ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዚምባቡዌ ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው ከተስፋፋ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ሕመም እንደጨመረ ሐኪሞች መዝግበዋል። ይህ ጨዉን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የፅንስን አእምሮ ከጉዳት የሚጠብቀው አዮዲን ነውና። እድሜያቸው የገፋ፣ እንቅርታቸው የቆየ እናት «ልቤ ይደልቃል» ሲሉ ግን ሐኪሙ አንገታቸውን ሳይዳስስ መሸኘት የለበትም።

ከአንገት ወደ ደም ግፊት የሚወስደው መንገድም ይኸው ሆርሞን ነው።

ሕዝቡ «ደም ብዛት» ሲል ባለሙያው «የለም፣ ግፊት ነው» ብሎ ያርማል። የሕዝቡም ቃል ግን ባዶ አይደለም። ግፊት ከሁለት ነገር ይመጣል፦ ልብ ከምትገፋው ደም መጠንና ከደም ሥሮቹ ጥበት። ጨው ውኃን በሰውነት ስለሚያስቀር በደም ሥር የሚዞረውን በእርግጥም ያበዛዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ በሁለቱም ላይ እጁን ያስገባል፤ የልብን ምት ያፋጥናል፣ የትንንሽ ደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል።

ሆርሞኑ ሲበዛ ልብ በፍጥነትና በኃይል ትገፋለች፤ ላይኛው ቁጥር ይወጣል። ደም ሥሮቹ ስለላሉ ታችኛው ይወርዳል። ካርዱ ላይ 165/68፣ የልብ ምት 112 የሚል ይጻፋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ተቃራኒው ይሆናል፦ ልብ ትዘገያለች፣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ታችኛው ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። 145/108፣ ምት 56። ሁለቱም ካርዶች ላይ «ከፍተኛ ግፊት» ተብሎ ይጻፋል፤ ላይኛው ከ140 ወይም ታችኛው ከ90 መብለጡ ይበቃልና። በውስጣቸው ያለው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 40 አካባቢ ነው፤ በመጀመሪያው ካርድ 97 ደርሷል። በዕድሜ የደነደነ ደም ሥርም ይህን ርቀት ሊያሰፋ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄ ግን ያስነሳል።

ጥያቄውን ለማንሳት ደግሞ ቦታው ራሱ ያስቸግራል። ኒሯቅ ቆላ ነው። ሆርሞን የበዛበት ሰው «ሙቀት አልችልም፣ ላብ ያጠምቀኛል» ሲል የተከዜ ዳር ሙቀት ማንን አይፈጀውም? ሆርሞን ያነሰበት የደጋ ሰው «ብርዱ አጥንቴ ገባ፣ ድካም ያዘኝ» ቢል ማን ልዩ ነገር ይጠረጥራል? ስለዚህ ሌላ ምልክት መፈለግ ነው። እየበሉ መክሳት፣ የዓይን መፍጠጥ፣ ሁለቱን እጅ ዘርግተው ወረቀት ቢያስቀምጡበት የወረቀቱ ጫፍ ሲርገበገብ ማየት፣ ይህ ወደ መብዛት ያመለክታል። የድምፅ መጎርነን፣ የቆዳ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ መብዛት ወደ ማነስ። እንቅርት ኖሯቸው ሆርሞናቸው ፍጹም ትክክል የሆኑም ብዙዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ግፊቱና እንቅርቱ ጎረቤታሞች እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። የሚለየው ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ግፊትም እንቅርትም ያለበት ሰው ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሌላ ከፍ ያለ ተቋም ሲሄድ ሁለቱን ሕመም በአንድ አፍ ይናገር፤ «ለግፊት ነው የመጣሁት» ብሎ አንገቱን በነጠላ አይሸፍን።

ልኬቱም ልክ መሆን አለበት። ሦስት ሰዓት በእግሩ ገደል ለገደል የመጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ የመንገዱ ነው። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ፣ ሳያወሩ መቆየት ያስፈልጋል፤ ቡና ከጠጡም ግማሽ ሰዓት ይለፍ።

ሆርሞን መብዛቱ ከታወቀ የግፊቱ መድኃኒት ምርጫም ይለወጣል። ፕሮፕራኖሎል ልብን ያረጋጋል፣ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ በተወሰነ ደረጃም ሆርሞኑ ወደ ኃይለኛ ቅርጹ እንዳይቀየር ያግዳል። አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው። ዕጢዋን ራሷን የሚገታው ፕሮፒልታዮዩራሲል ወይም እርሱን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ነው። ይህን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢይዘው ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ጨርሶ ሊሆን ስለሚችል ማቆምና በዚያው ቀን መመርመር አለበት።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ሲደርስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልሏል። የዕለት ጉርስ የቸገረው ሰው ክኒን ቢያልቅበት አይፈረድበትም። ነገር ግን ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቋረጥ ልብ እንደ ተፈታ በሬ ትፈነጫለች። ክኒኑ እስከ ቀጠሮ የማይደርስ መሆኑ ሲታወቅ ሳያልቅ በፊት ለጤና ባለሙያ መንገር ሕይወት ያተርፋል።

ሆርሞኑ ላነሰበት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን ነው። ማነሱ ሲስተካከል የአንዳንዶች ግፊት አብሮ ይወርዳል፤ የግፊቱን ክኒን ግን መቀነስ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሌቮታይሮክሲኑ ለአረጋዊና ለልብ ሕመምተኛ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ይህ ክኒን ባዶ ሆድ ይፈልጋል፦ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ካለ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይሁን። በጾም ጠዋት ውኃ መቅመስ የሚከብደው ሰው ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሊወስደው ይችላል፤ ከሐኪሙም ከነፍስ አባቱም ጋር ተነጋግሮ አንዱን ሰዓት መያዝ ነው የሚሻለው። ክኒኑን ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። ኒሯቅ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ፣ ከነማሸጊያው ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ጥላና ቀዝቃዛ በሆነ ጥግ ማኖር ይገባል።

ወደ ጨዉ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን የተደረገው ጥናት ግን አማካዩ ከ8 ግራም በላይ እንደሆነ አሳይቷል። አንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው 5 ግራሙ 150 ማይክሮ ግራም ይይዛል፤ ዐዋቂ የሚያስፈልገው ማለት ነው። በማብሰል የሚተንን ስላለ ጨዉን ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይጠቅማል። ሁለቱ ምክሮች እንግዲህ አልተጣሉም፦ የሚበላው ጨው ትንሽ ይሁን፣ ያቺ ትንሽ ግን ሁሌም አዮዲን ያለባት ትሁን። በአሞሌ ላይ የፋብሪካ ጨው መጨመር ሁለቱንም ያበላሻል።

ለእኚህ እናት ይህን በግራም መንገር ዋጋ የለውም። በከረጢት እንንገራቸው። አምስት ዐዋቂ ላለበት ቤት የአንድ ኪሎ ጨው ከረጢት ቢያንስ አርባ ቀን መቆየት አለበት። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የሚገባው፣ ቡና ላይ ጣል የሚደረገውም ከዚያው ይቆጠራል። ከረጢቱ ሲከፈት ከምድጃው ጭስ ራቅ ያለ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይገልበጥ፤ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት ይደረግ፤ ጭረቱ በየማለዳው ይጨመር። ጨዉ በሃያኛው ጭረት ካለቀ ይዘውት የሚመጡት መልስ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከመድኃኒት መጨመር በፊት የሚወራው ስለዚያ ይሆናል።